የሰባተኛው በር ዳኛ አሟሟት

ከአቶ አራጋው ይማም ደጅ እስከ አቶ ጥጋቡ ወርቄ ደጅ አርባ እርምጃ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በአንድ መስመር ላይ አራት በር ይለያቸዋል። አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው "ይማርዎ" ለማለት ይበቃል። ሆኖም በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ለዐቢይ ጾም ዐሥር ቀን ሲቀር፣ አቶ አራጋው ጎረቤታቸውን ለማነጋገር ሁለት ምድር አቋርጠው ሦስተኛው ላይ መውጣት ነበረባቸው።

አቶ ጥጋቡ ታች አይኖሩም። ሥጋቸው ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምሳና ራት ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ይበላሉ፤ ጥቂት ያስላሉ፤ ይመለሳሉ። ሌላውን ጊዜ በሥርዓት ምድር የሰባተኛው በር ዳኛ ናቸው። እንዲህ ከሆኑ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው።

ነገሩ "እርከን" ይባላል። ልጆች የጀመሩት ጨዋታ ነበር። ከዚያ ወጣቱ ገባ። ወጣቱን ፍለጋ ነጋዴው ገባ፤ ነጋዴውን ፍለጋ ግብር ሰብሳቢው ገባ። ግብር ሰብሳቢው ከገባ በኋላ ጨዋታ ብሎ የሚጠራው ሰው አልተገኘም። ዐሥራ ሁለት ምድር አለው፦ የሥርዓት፣ የሁከት፣ የእሳት፣ የበረዶ፣ የጥላ፣ ሌላም ሌላም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ከደም ዓይነት ዝቅ ብሎ "የሚኖሩበት ምድር" የሚል መስመር አለ። በአቶ አራጋው መታወቂያ ላይ "ታች" ተብሎ ተጽፏል። ወደ ላይ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጡረታ ጉዳይ የሚያዩት ሰዎች ኪራይ ረክሶላቸው ወደ በረዶ ምድር የተዛወሩ ጊዜ። ከዚያ ሲመለሱ ሦስት ቀን ሳሉ። ሐኪሙ ይህ ሳል የሥጋ አይደለም አላቸው።

አሁን ግን መውጣት ግድ ሆነ። የሟች ወንድማቸውን ልጅ ፈንታውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፈንታው የአቶ ጥጋቡን ልጅ ሐመልማልን ሊያገባ ነው። ሰርጉ ለቅበላ እሁድ ተቆርጧል። ሰኞ ፈንታው ለሥራ ወደ አሳይታ ይወርዳል፤ ለሁለት ዓመት። ካገባ ሚስቱን ይዞ ይወርዳል፤ ካላገባ ብቻውን። ጠላው ተጠንስሷል፤ በሬው ታስሯል። የልጅቷ እናት ወይዘሮ ስንዱ ዘመድ ጠርተው ጨርሰዋል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው። እሱም ለወጉ ያህል ነው።

አቶ ጥጋቡ ግን "ጉዳይ ያለው ችሎቴ ድረስ ይምጣ" ብለው ላኩ።

አቶ አራጋው የዕድሜ እኩያቸውን ሼህ ሙሄን አስከትለው ወደ መሻገሪያ ቤቱ ሄዱ። በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ "እሳት! እሳት! አንድ ሰው! ሥርዓት በሁከት የሞላ!" እያለ ይጮኻል። ውስጥ ሰዎች በአግዳሚ ላይ ተደርድረው መነጽር አጥልቀው ተቀምጠዋል። አንዱ በቀኝ እጁ ዳቦ ይገምጣል፤ በግራ እጁ አየሩን ይወጋል። ትርንጎ የምትባል አስተናጋጅ ቅጽ ይዛ መጣች።

"ዘር?" አለች።

ሼህ ሙሄ ደነገጡ። "ልጄ፣ ይሄ ጥያቄ ቀርቷል አልተባለም?"

"የታቹ ነው የቀረው ሼኪ። የላዩ ግዴታ ነው። ሰው፣ ክንፋም፣ ድንክ፣ ቀንዳም።"

"ሰው አድርጊን" አሉ አቶ አራጋው።

"ሰው ሞልቷል። እስከ ሚያዝያ ቦታ የለም። አሁን ያለኝ አንድ ቀንዳምና አንድ ድንክ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ቀንዱን አንተ ውሰድ" አሉ ሼህ ሙሄ። "እኔ ሰባት የልጅ ልጅ አለኝ። ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚውሉት።"

"ድንኩ ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው።"

"ጢም አለው?"

"ድንክ ሁሉ ጢም አለው ሼኪ" አለች ትርንጎ።

"እንግዲያ ምን ጎደለኝ።"

በዚህ ዓይነት አንድ ቀንዳምና አንድ ድንክ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በእሳት ምድር ዳር ዳሩን አልፈው፣ የሁከትን ምድር ዓይናቸውን ጨፍነው ተሻግረው፣ ከሰባተኛው በር ደረሱ።

ችሎቱ ነጭ ነው። ጣሪያው አይታይም። በዚያ ምድር የተነገረ ቃል ሁሉ ይታተማል፤ ሲታተም ደወል ይመታል። የታተመ ቃል አይሻርም፤ ታችም ቀበሌው እንደ ሰነድ ይቀበለዋል። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ አይናገሩም። ደህና አደርህ ለማለት እንኳ ደህና ማደሩን አስቀድመው ያጣራሉ።

አቶ ጥጋቡ ከፍ ባለ መንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታች ቀጭን ሰው ናቸው፤ እዚህ ትከሻቸው የበር ያህል ይሰፋል። ካባቸው ብር ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ግን ዓይናቸው ተርገበገበ።

"ተቀመጡ" አሉ። ደወሉ መታ።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ አራጋው። ደወሉ መታ።

እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። በሥርዓት ምድር ወንበር የዳኛ ትእዛዝ ይሰማል። ሁለት ወንበሮች ከግድግዳው ተነሥተው መጡና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ከኋላ ይገፉ ጀመር። ሽማግሌዎቹ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ወንበሮቹም ተከተሉ። ሼህ ሙሄ የያዛቸውን ወንበር በከዘራ መከት አድርገው ያዙት። ቁመታቸው ከወንበሩ መቀመጫ አይበልጥም።

"ቶሎ በል አራጋው" አሉ። "ይሄ በሬ ጉልበተኛ ነው።"

አቶ አራጋው አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አባቶቻቸው ሲሉት የነበረውን አሉ። "ልጃችን ፈንታው ልጅ ይሁንልዎ። ልጅዎ ሐመልማል ልጅ ትሁንልን። ይህን ብለን ደጅዎ ቆመናል።"

ወይዘሮ ስንዱ ጧት ባላቸውን አስጠንቅቀው ነበር። "'እሺ' በል፤ ከዚያ አፍህን ዝጋ" ብለው። አቶ ጥጋቡም እንዲሁ ሊያደርጉ አስበው ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አምልጧቸው አያውቅም።

ነገር ግን ወግ የሚባል ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ልጁን ከቤት ለማውጣት የቸኮለ ይመስላል። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ዘመድ ላማክር ይላል፤ በሦስተኛው እሺ ይላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም። አቶ ጥጋቡ ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ከዘራ ተደግፈው፣ አንቀመጥም ብለው ሲቆሙ ባዩ ጊዜ፣ ከውስጣቸው አባታቸው ተነሡ። ከአባታቸው ኋላ አያታቸው ተነሡ። አፋቸው ራሱን ችሎ ተከፈተ።

"ሐመልማልን ለአራጋው ቤት፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ አልሰጥም!"

ደወሉ መታ።

አቶ ጥጋቡ ደወሉን ሰሙት። ፊታቸው እንደ ካባቸው ነጣ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ሌላም ይታተምብኛል ብለው በመዳፋቸው ከደኑት። ዓይናቸው ብቻ ከመዳፋቸው በላይ ቀረ።

"ካፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ ሼህ ሙሄ።

ደወሉ ይህንንም አተመው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም በአቶ ጥጋቡ ቤት፣ ታች፣ ጓዳ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ሐመልማል የጋብቻ ምዝገባውን ከስልኳ ላይ እያየች ነው። የሷና የፈንታው ስም ቀይ ሆኗል። ከስሩ "የአባት እምቢታ፣ የታተመ" ይላል። ፈንታው ከጎኗ ቆሞ ደግሞ ደጋግሞ ያነበዋል። ደጋግሞ ሲያነቡት የሚለወጥ ጽሑፍ አልነበረም።

"ዐሥራ አራት ዓመት!" አሉ ወይዘሮ ስንዱ። "'ስንዱ፣ ቃል ከባድ ነው።' 'ስንዱ፣ ሰው ከመናገሩ በፊት ያስብ።' ጨው አነሰው እንኳ ለማለት አንድ ሰዓት የሚያስብ ሰው! ዛሬ ምን ነካህ?"

"አባቴ ነው" አሉ አቶ ጥጋቡ።

"አባትህ ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው!"

ሼህ ሙሄ ጣልቃ ገቡ። "በሁከት ምድር ብናጋባቸውስ? እዚያ የሥርዓት ማኅተም አይሠራም ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"እዚያ የታሰረ ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈታል ሼኪ" አለች ሐመልማል።

"እሱስ እዚህ ሰፈርም አይቻለሁ" አሉ ሼህ ሙሄ፤ ግን አልገፉበትም።

ወይዘሮ ስንዱ ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ። "ማኅተሙ የሚለው 'በሕይወት እያለሁ' ነው?"

"ነው።"

"እንግዲያ ሙት።"

ሐመልማል ከስልኳ ቀና አለች።

"እዚያ ላይ ማለቴ ነው" አሉ። "ስንቱ በየቀኑ ይሞት የለም? የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በሳምንት ሦስቴ ይሞታል።"

አቶ ጥጋቡ ዳኛ ናቸውና ሕጉን ያውቁታል። እያዘኑ አስረዱ። ራሱን ያጠፋ ማኅተሙ አይፈታም። እሳት የበላው፣ አውሬ የበላው አይፈታም። የታተመ ቃል የሚፈታው ቃሉን በጆሮው የሰማ ሰው በገዛ እጁ ተናጋሪውን ሲገድል ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሕጉ የወጣ ጊዜ ጨዋታውን የጀመሩት ልጆች ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነበር ይባላል።

"ዐሥራ ዘጠነኛ ማዕረግ ላይ ነኝ" አሉ አቶ ጥጋቡ። "ከሞትሁ ከአንድ እጀምራለሁ። ችሎት የለኝም። በር የለኝም።"

ሐመልማል ስልኳን አጥፍታ ጭኗ ላይ አኖረችው። አላለቀሰችም፤ አልለመነችም። መሬት መሬቱን አየች። አባቷ አዩዋት።

"ይሁን" አሉ።

ፈንታው ተነሣ። "እኔ እገድላቸዋለሁ!"

"ዝም በል!" አሉ ሁሉም ባንድ ላይ። አማቱን የገደለ ሙሽራ ተሰምቶ አይታወቅም። ደግሞም ቃሉን አልሰማም። የሰሙት ሁለት ናቸው። ሼህ ሙሄ ድንክ ናቸው፤ በትራቸው ከአቶ ጥጋቡ ጉልበት አያልፍም። ሁሉም ዞረው አቶ አራጋውን አዩ።

አቶ አራጋው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የአበጋር ዘር ናቸው። ወሎ ውስጥ አበጋር ማለት ደም የሚያደርቅ ነው፤ በተገዳደሉ ሰዎች መካከል ገብቶ ገዳይን ከሟች ወገን ጋር የሚያስታርቅ። ሰባት ትውልድ ይህን ሠርተዋል። ከሰባቱ አንዱ እንኳ ዱላ አንሥቶ ሰው ነክቶ አያውቅም። በደሴ ከሳቸው ሌላ የቀረ አበጋር የለም።

"ሌላ መንገድ የለም?" አሉ።

"የለም" አሉ አቶ ጥጋቡ።

"ሼህ ሙሄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?"

"ኪታብ ውስጥ አላየሁትም" አሉ ሼህ ሙሄ። "ፈልጌም የማገኘው አይመስለኝም።"

አቶ አራጋው ፈንታውን አዩ። እሳቸው ብዙ ቃል አያወጡም። "ነገ ጧት እመጣለሁ" ብለው ወጡ።

ዓርብ ጧት ሁለቱ ጎን ለጎን በሁለት ወንበር ተቀምጠው መነጽር አጠለቁ። ቦታው የጥላ ምድር ሆነ፤ በሥርዓት ምድር መማታት ክልክል ነውና። የጥላ ምድር አመድማ ነው። ነፋስ አለ፤ የሚያወዛውዘው ነገር የለም። አቶ ጥጋቡ ብር ካባቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቀንዳሙ አቶ አራጋው ከዘራቸውን ይዘው ከፊታቸው ቆሙ።

"ስንት እስትንፋስ አለዎት?" አሉ አቶ አራጋው።

"አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ።"

"የኔ ዱላስ?"

"አንደኛ ማዕረግ ነዎት። አንድ ምት ሦስት ይወስዳል።"

አቶ አራጋው በልባቸው አሰሉ። ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ምት ነው። ታች ጓዳው ውስጥ ሼህ ሙሄ ሙስበሃቸውን አውጥተው ለመቁጠር ተዘጋጁ። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው፤ ስድስት ዙርና አርባ።

"ይቅር ይበሉኝ" አሉ አቶ አራጋው፤ መቱ።

"ይቅር ብያለሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ።" መቱ።

"ይቅር ብያለሁ። ጋሽ አራጋው፣ እንዲህ እያንዳንዱን ከሆነ ፋሲካ ይደርሳል። ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠይቁ።"

"ለስድስት መቶ ሠላሳ ሁለቱም ይቅር ይበሉኝ።"

"ለሁሉም ይቅር ብያለሁ። ይምቱ።"

አቶ አራጋው መቱ። ዱላው ካባው ላይ ሲያርፍ ምንጣፍ የማራገፍ ድምፅ ያወጣል። ታች ሥጋቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ ክንዱን ያነሣል፣ ያወርዳል። ወይዘሮ ስንዱ ሁለት ጊዜ ገብተው አዩዋቸውና ክንዳቸው እንዳይደክም ከብብታቸው ሥር ትራስ አደረጉላቸው።

"ያምዎታል?" አሉ አቶ አራጋው በሁለተኛው ዙር መካከል።

"ኧረ ምንም። ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጉት። አዎ፣ እዚያ ጋ።"

"የሙሽራው ወገን ስንት ሰው ያመጣል ብለዋል ወይዘሮ ስንዱ?"

"ሠላሳ ነው ያለችው።"

"አርባ ነን።" መቱ።

"ሠላሳ አምስት ይሁን።"

"አርባ።" መቱ።

"እየተመታሁ መከራከር አልችልም። አርባ ይሁን።"

አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ የወይዘሮ ስንዱ ድምፅ ከታች መጣ። "ምሳ! ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው!" ሁለቱም መነጽራቸውን አወለቁ። ሼህ ሙሄ ሙስበሃው የደረሰበት ፍሬ ላይ ክር አሰሩ። ከአንድ ትሪ በሉ። አቶ ጥጋቡ ሊገድሏቸው ለቀረቡት ሰው አጎረሱ። አቶ አራጋውም መልሰው አጎረሱ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙ። እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ።

ከምሳ በኋላ ሃምሳ ምት ያህል አለፈ። ከዚያ አቶ ጥጋቡ ሳይጠየቁ መናገር ጀመሩ።

"ታች ሳለሁ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርሁ። ያስታውሱኛል?"

"አስታውሳለሁ።"

"ሰው ቤት እገባለሁ። ቆጣሪውን አያለሁ። 'ቧንቧችሁ ያፈሳል፣ አሠሩት' እላለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተናገርሁ። አንድ ሰው አላሠራም። 'እሺ ጥጋቡ' ይሉኛል፤ በሩን ይዘጉታል። አንዳንዱ ስሜን እንኳ አያውቅም፤ 'ውሃ መጣ' ነው የሚለኝ። እንደ ቀልድ አንድ ቀን ላይ ወጣሁ። ያን ጊዜ የበር ጠባቂ ነበርሁ። 'በሩ ይዘጋ' አልሁ። ተዘጋ። አንድ ጊዜ ነው ያልሁት፤ ጋሽ አራጋው፣ አንድ ጊዜ።"

አቶ አራጋው ዱላቸውን አወረዱ። "የኔም ቤት ያፈስ ነበር።"

"አውቃለሁ። አሁንም ያፈሳል። ማታ ማታ ከዚህ ይሰማኛል።"

አቶ አራጋው ከዘራውን አነሡና መቱ፤ ያኛው ምት ከሌሎቹ ሁሉ የቀለለ ነበር፤ እስትንፋሱን ግን እኩል ወሰደ።

ስድስት መቶ ሠላሳ ሦስተኛው ምት አለፈ። አንድ እስትንፋስ ቀረች። አቶ ጥጋቡ ተነሥተው ካባቸውን አወለቁ። አራት አጥፈው መሬት ላይ አኖሩት። የሰባተኛውን በር ቁልፍ ካባው ላይ አደረጉ። ካባው ሲወልቅ ትከሻቸው ጠበበ፤ ታች የሚታወቁትን ሰውዬ መሰሉ።

"ይጨርሱ" አሉ።

የአቶ አራጋው ክንድ አልነሣም አለ። ደክሞ አልነበረም። ስድስት መቶ ሠላሳ ሦስቱ ምት ዱላ ነበር፤ ይህች ግን ደም ናት። ሰባቱ አያቶቻቸው ክንዳቸው ላይ የተንጠለጠሉ መሰላቸው።

"ጋሽ አራጋው" አሉ አቶ ጥጋቡ፣ "ልጄ መሬት መሬቱን እያየች ነው።"

አቶ አራጋው ዓይናቸውን ጨፍነው መቱ።

ጓዳው ውስጥ የሐመልማል ስልክ ጮኸ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ ሆነ። "ሞተ! ሞተ!" ብላ ፈንታው አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወይዘሮ ስንዱ ባላቸው መሞታቸውን ሲሰሙ ቤቱን በእልልታ አናጉት። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ፤ ጥጋቡ ሞተልን አሉት፤ እሱም አብሮ እልል አለ። ሟቹ መነጽራቸውን አውልቀው ጥግ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ።

ወይዘሮ ስንዱ ለአቶ አራጋው ውሃ በብርጭቆ ይዘው መጡ። አቶ አራጋው አልተቀበሉም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ፈንታው መጣ። አቶ አራጋው ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ልብስ አልለኩም፤ ሰርጉ እኮ የነገ ሳምንት ነው።"

"ሰርጉ ላይ አልገኝም። ደም አለብኝ።"

"የምን ደም?"

"የጥጋቡ። ገዳይ ደሙ ሳይደርቅ ከሟች ወገን ጋር አይበላም፤ ከአንድ ማድጋ አይጠጣም። እኔ ነኝ ይህን ለስንቱ የነገርሁት።"

"ጋሼ! ሰውየው በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ሸንኮራ እየበሉ ነው!"

"ሸንኮራ መብላቱ ደሙን አያደርቀውም።"

"ጨዋታ እኮ ነው!"

አቶ አራጋው ቀና ብለው አዩት። "ቀበሌው የላዩን ቃል ቃል ነው አለ። በዚያ ቃል ሰርግህ ተከለከለ። በዚያ ሞት ሰርግህ ተፈቀደ። ቃሉ ቃል፣ ሞቱ ሞት ከሆነ፣ ደሙ ደም የማይሆነው በምን ሒሳብ ነው?"

ፈንታው ብዙ ተምሯል። ይህን ሒሳብ ግን አልተማረም።

"እርስዎ ከሌሉ አላገባም" አለ በመጨረሻ። "ሐመልማልም ያለችው ይህንኑ ነው። ያሳደገህ ሰው ደጅ ተዘግቶበት እኔ እልል አልባልም ብላለች።"

"ሞኝ ናችሁ።"

"ታዲያ ደሙን የሚያደርቅ ሰው ይፈለግ።"

"አበጋር እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ሰው የራሱን ደም አያደርቅም።"

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ሼህ ሙሄ መጡ፤ ለመኑ፤ ተቆጡ፤ ከገዳይ ወገን ስለሆኑ ማስታረቅ አይችሉም ተብለው ተመለሱ። ቄሱ መጡ፤ የሟች ወገን የንስሐ አባት ናቸው፤ እሳቸውም ተመለሱ። ጠላው ደረሰ። በሬው ወፈረ። አቶ አራጋው አርባ እርምጃ ርቀው የሰርግ ድንኳን ሲተከል በአጥር ቀዳዳ አዩ።

የቅበላ እሁድ ጧት በራቸው ተንኳኳ።

"ማነው?"

"ጥጋቡ ነኝ።"

"ከደጄ ይራቁ። የሟች ወገን ከገዳይ ጋር አይነጋገርም።"

"የሟች ወገን አይደለሁም" አሉ አቶ ጥጋቡ ከውጭ። "ሟቹ ነኝ።"

አቶ አራጋው ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

"ጋሽ አራጋው፣ ልጠይቅዎት። አስታራቂ ከገዳይ ወገን መሆን የለበትም። ነው?"

"ነው።"

"ከሟች ወገንም መሆን የለበትም።"

"የለበትም።"

"ሟች ራሱ የማን ወገን ነው?"

አቶ አራጋው በሩ ኋላ ቆመው አሰቡ። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሄደው ፈለጉ። ሟች ለሽምግልና ቀርቦ አያውቅምና የሚከለክል ሕግ የደነገገ አልነበረም።

"ከሞትሁ ወዲህ ለማንም አላዳላም" አሉ አቶ ጥጋቡ። "ስንዱን ይጠይቋት።"

በሩ ተከፈተ።

ደም በወንዝ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ሰርገኛው ሁሉ ከድንኳኑ ተነሥቶ፣ ሙሽሮቹ ጭምር፣ ወደ ቦርከና ወረደ። የሟች ወገን በአንዱ ዳር ቆመ፤ ሁለት መቶ ሰው ያህል ነው። በሌላው ዳር አቶ አራጋው ብቻቸውን ቆሙ፤ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ሼህ ሙሄ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። አቶ ጥጋቡ የሰርግ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ወንዙ መሐል ገቡ። ውሃው እስከ ቅልጥማቸው ነው።

ሕዝቡ ይንጫጫል። "ሟቹ ይህ ነው?" ይላል አንዱ። "አዎ፣ ያ ቀጭኑ።" "ምን ገደለው?" "ሰርጉ።" ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ። ወይዘሮ ስንዱ "ሟቹ ምሳ እየቀዘቀዘበት ነው በሉት!" ብለው ከዳር ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ጥጋቡ እጃቸውን አነሡ። "ዝም በሉ" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ሁለት መቶ ሰው ዝም አለ።

አቶ ጥጋቡ ደንግጠው ዞር አሉ፤ ከኋላቸው ማን መጥቶ ሰዉ ዝም እንዳለ ለማየት። ከኋላቸው ውሃው ብቻ ነበር። ተመልሰው ሰዉን አዩ። አንድ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ሐመልማል አባቷን ቀና ብላ ታያለች። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

ስለ ደም ተናገሩ። ስለ ጉርብትና ተናገሩ። ስለ ሟቹ፣ ማለትም ስለ ራሳቸው፣ ደህና ሰው እንደነበረ፣ ክፋት እንዳልነበረበት ተናገሩ። ስለ ገዳዩ፣ አንዱን ምት እንኳ በጥላቻ እንዳልመታ መሰከሩ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሥጋው እየደረቀ ነው። ሼህ ሙሄ ከዳር ሆነው ለአቶ አራጋው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፦ አሳጥር በለው።

አቶ አራጋው እግራቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተው ለመሻገር ተራቸውን ይጠብቃሉ። ውሃው ገና የጥር ብርድ አለው፤ ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተወው" አሉ ሼህ ሙሄን ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሟች ሲናገር አይቋረጥም።"